እስትንፋስ የሚወስድ መድኃኒት ባለቤት ይኑረው

ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ፣
ለምዕራብ ሐረርጌ ዞን ጤና ጽሕፈት ቤት፣
ለዞኑ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ጡንቻ የሚያላሉ የሰመመን መድኃኒቶች አቀማመጥ፣ አሰጣጥና የሪፈር ጉዞ



እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በመስከረም 2014 በሶሪያ፣ ኢድሊብ ገጠር ውስጥ በተካሄደ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ 15 ሕፃናት ሞቱ። የገደላቸው ክትባቱ አልነበረም። የክትባቱ ዱቄት መበጥበጫ ነው ተብሎ ከፍሪጅ የወጣው ፈሳሽ አትራኩሪየም ሆኖ ተገኘ፤ በቀዶ ሕክምናና በጽኑ ሕሙማን ክፍል የበሽተኛን ጡንቻ ለማላላት የምንጠቀምበት መድኃኒት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2018፣ ሳሞአ በምትባል የፓስፊክ ደሴት አገር ሁለት ሕፃናት በዚያው ዓይነት ስህተት ሞቱ። ሁለት ነርሶች አምስት አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። መንግሥት ክትባቱን ለወራት አቆመ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ማምጣት ፈሩ። ቀድሞም ደካማ የነበረው የኩፍኝ ክትባት ሽፋን ወደ 31 በመቶ ወረደ። በ2019 መጨረሻ ኩፍኝ ሲገባ 200 ሺህ ያህል ሕዝብ ባላት አገር 83 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ነበሩ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከቦርደዴ ነው። ሙያዬ የሰመመን ሕክምና ነው። ከተማችን በአዋሽና በሚኤሶ መካከል፣ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው አስፋልት በሚያቋርጠው ቆላ ላይ ናት። እዚህ መንገድ ላይ መኪና ሲገለበጥ ቁስለኛው ወይ ሚኤሶን አልፎ የጭሮን ዳገት ይወጣል፣ ወይ በአዋሽ በኩል ወደ አዳማ ይሄዳል። ከጭሮም አቅም በላይ ከሆነ በሒርና፣ በጨለንቆና በቁልቢ አድርጎ ሐረር ሕይወት ፋና ወይም ድሬዳዋ ድል ጮራ ይደርሳል። አንድ ሕይወት በዚህ መንገድ ላይ በብዙ እጆች ያልፋል። የምጽፈው በእነዚህ እጆች መካከል ባለቤት ስለሚያጣ አንድ መድኃኒት ነው።

መድኃኒቱን ለማያውቁት ላስረዳ። ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶች ስል ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ የሚገዛውን ክኒን ማለቴ አይደለም። ሱክሳሜቶኒየም (እኛ በሥራ ቦታ ሱክስ የምንለው)፣ ቬኩሮኒየም፣ አትራኩሪየም፣ ፓንኩሮኒየም ማለቴ ነው። በደም ሥር ሲገቡ ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን ትእዛዝ ያግዳሉ። ሱክሳሜቶኒየም አንድ ደቂቃ ሳይሞላው መላ ሰውነትን ያዝላል፤ ሌሎቹ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃሉ። እጅ አይነሳም፣ ዓይን አይከደንም፣ ድምፅ አይወጣም፣ ደረትም አይንቀሳቀስም። ልብ ግን ይመታል። አእምሮም እንደነቃ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የሕክምና ባለሙያዎችን ሳይቀር ለዓመታት አከራክሯል። በ1942 ሞንትሪያል ውስጥ ሐኪሙ ሃሮልድ ግሪፊትና ባልደረባው ኢኒድ ጆንሰን፣ የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን ይነክሩበት የነበረውን ኩራሬ ለቀዶ ሕክምና ሰመመን ተጠቀሙበት። መድኃኒቱ ራሱ ያስተኛል የሚሉ ነበሩ። በ1947 ስኮት ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም መድኃኒቱን በራሱ ላይ አስሞከረ። ሙሉ በሙሉ ተዝለፍልፎ፣ ሌሎች እያስተነፈሱት ቆየ። ኃይሉ ሲመለስለት የተናገረው ቃል ክርክሩን ዘጋው፦ የተባለውን ሁሉ ሰምቷል፣ የተነካውን ሁሉ አውቋል፣ ሕመሙም አልቀነሰለትም። በ1954 ደግሞ ቢቸርና ቶድ የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ሰመመኖችን መርምረው፣ ጡንቻ ማላያ በተሰጣቸው በሽተኞች ላይ ከሰመመን ጋር የተያያዘው ሞት ካልተሰጣቸው ስድስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳተሙ። የዛሬው ጥንቃቄ ብዙው የመጣው ከዚያ ነው።

መድኃኒቱ ይጥፋ አልልም። መንጋጋው የተቆለፈ የቲታነስ በሽተኛ፣ ጭንቅላቱ ተመትቶ የሚወራጭ ሹፌር፣ ሳንባ ምች የጠናባት እናት፣ የአየር ቱቦ በወቅቱ ካልገባላቸው ይሞታሉ፤ ቱቦውን በደህና ለማስገባት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጡንቻው መላላት አለበት። ሱክሳሜቶኒየምና አትራኩሪየም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ያለ እነርሱ እኔም ሥራዬን መሥራት አልችልም።

ወደ ፍሪጁ ልመለስ፤ ደብዳቤውን የጀመረው እሱ ነው። ሱክሳሜቶኒየም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ነው የሚቀመጠው። አትራኩሪየምም እንዲሁ። ክትባቱም፣ ኢንሱሊኑም፣ ለወላድ እናት የምንሰጠው ኦክሲቶሲንም የሚፈልጉት ያንኑ ቅዝቃዜ ነው። አንድ የሚሠራ ፍሪጅ ብቻ ባለበት ተቋም ሁሉም እዚያው ይገናኛሉ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ በማዋለጃ ክፍሉ ፍሪጅ በር ላይ የኦክሲቶሲንና የሱክሳሜቶኒየም አምፑሎች ጎን ለጎን ተደርድረው አይቻለሁ፤ ቁመታቸው እኩል፣ ጽሑፋቸው ደቃቅ፣ ውስጣቸው እንደ ውሃ የጠራ። መብራት በጠፋበት ሌሊት በስልክ ባትሪ እያበራች ለምትደማ እናት መድኃኒት የምትፈልግ አዋላጅ የትኛውን ታነሳለች? ስህተት ብትሠራ መጠየቋ አይቀርም። ሁለቱን አንድ በር ላይ ያስቀመጠ ሰው ግን ስሙም አይነሳም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ቀላል ነው፣ በጀትም ብዙ አይጠይቅም። የክትባት ፍሪጅ ውስጥ ክትባትና የክትባት መበጥበጫ ብቻ ይቀመጥ። የቀዶ ሕክምና ክፍልና የሰመመን ባለሙያ የሌለው ጤና ጣቢያ እነዚህን መድኃኒቶች ከነጭራሹ አይያዝ፤ ተርፎ የመጣ ካለ ዛሬውኑ ተቆጥሮ ወደ ሆስፒታል ይመለስ። ሆስፒታሎችም በቀዶ ሕክምናና በጽኑ ሕሙማን ክፍል ብቻ፣ የራሱ ክዳን ባለው ቀይ ሣጥን ውስጥ ይቆልፏቸው፤ ቁልፉን የሚይዘው ተረኛ ስም በየፈረቃው ይጻፍ። ቀዩን ቀለም እኔ አልፈጠርኩትም። በዓለም አቀፉ የሰመመን ሲሪንጅ መለያ ሥርዓት ጡንቻ ማላያ ደማቅ ቀይ፣ የሞርፊን ዓይነት የሕመም ማስታገሻ ሰማያዊ፣ ዳያዜፓምና ሚዳዞላም ብርቱካናማ ናቸው። የታተመ መለያ እስኪገዛ ድረስ ቀይ ፕላስተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ስሙ ያልተጻፈበት ሲሪንጅ ደግሞ፣ የቀዳው ማንም ይሁን ማን፣ ይጣል። «እኔ ነኝ የቀዳሁት፣ አውቀዋለሁ» የሚባለው ነገር ለአሥር ደቂቃ ይሠራል። ከዚያ ሰውየው ለሌላ በሽተኛ ይጠራና ሲሪንጁ ባለቤት ያጣል።

ፍሪጁ በማይታመንበት ቦታ ሌላም መፍትሔ አለ። ቬኩሮኒየም በዱቄት መልክ ስለሚመጣ ከመበጥበጡ በፊት ቅዝቃዜ አይፈልግም። እንደ ቦርደዴ፣ እንደ ሚኤሶ ላለ ሙቀት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሱክሳሜቶኒየም ሙቀት ላይ ሲቆይ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ባለሙያው መጠኑን አስልቶ ይሰጥና በሽተኛው ግማሽ ብቻ ይላላል፤ ቱቦው አይገባም፣ ሰዓት ያልፋል፣ ተጨማሪ ይሰጣል። ግዥ የሚያቅዱት ሰዎች ሆስፒታሉ ስንት ሰዓት መብራት እንደሚያገኝ ጠይቀው ቢያዝዙ እላለሁ። አቅራቢ ተቀይሮ የብልቃጡ መልክ ሲለወጥም ዕቃው ከመሰራጨቱ በፊት አዲሱ መልክ በፎቶ ለሆስፒታሎቹ ይላክ።

ሀብታም አገርም ከዚህ አላመለጠም። በታኅሣሥ 2017 አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ ውስጥ አንዲት ነርስ ምርመራ ላይ ላለች አሮጊት የሚያረጋጋ ሚዳዞላም ልትሰጥ ከኮምፒውተር መድኃኒት ሣጥን ውስጥ የንግድ ስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ስትጽፍ ቬኩሮኒየም ወጣላት። የብልቃጡ ክዳን ላይ ሽባ የሚያደርግ መሆኑን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ነበረበት። ተበጥብጦ ተሰጠ፤ በሽተኛዋን አጠገቧ ሆኖ የሚከታተል አልነበረም፤ ሕይወቷም አለፈ። በ2022 ነርሷ በወንጀል ጥፋተኛ ተባለች፣ በገደብ ተለቀቀች። ስለዚህ ፍርድ ብዙ ተጽፏል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ነርስ በታሰረችበት አገር ቀጣዩ ስህተት ይደበቃል። በሳሞአም በናሽቪልም ከፍርድ ቤቱ ይልቅ ሣጥኑና ፍሪጁ ቀድመው ቢጠየቁ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ በዞናችን አምፑል ተሳስቶ ከበሽተኛው ሳይደርስ የተያዘበት አጋጣሚ ሁሉ ያለ ስምና ያለ ቅጣት የሚመዘገብበት አንድ ደብተር በየሆስፒታሉ ይከፈት። በየወሩ የሚያነበው ሰውም ይመደብ፤ የማይነበብ ደብተር የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

አሁን ወደ በሽተኛው አልጋ። እዚህ ብቆይ ፍቀዱልኝ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያለ ሰው ሲወራጭ፣ ከማሽኑ ጋር ሲታገል፣ ተረኛው ይጨነቃል። ጡንቻ ማላያ ሲሰጠው ወዲያው ጸጥ ይላል። ማሽኑም መጮሁን ያቆማል። ክፍሉ ሰላም ያገኛል። ግን የታገለው ለምን ነበር? ቱቦው በአክታ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ፊኛው ሞልቶ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ምክንያቱን አላጠፋም፤ አቤቱታ የሚያቀርብበትን መንገድ ብቻ ነው የዘጋው። ከዚህ የከፋ የሕክምና በደል ብዙ አላውቅም። ስለዚህ የጡንቻ ማላያው ትእዛዝ በካርድ ላይ ከመጻፉ በፊት ማስተኛውና የሕመም ማስታገሻው (ኬታሚንም ሆነ ሞርፊንና ሚዳዞላም፣ የተገኘው) ተጽፎ፣ ተሰጥቶ፣ መሥራቱ መረጋገጥ አለበት። ማስተኛው ካለቀ ጡንቻ ማላያው ይቁም። «ማስተኛ የለንም ግን ቬኩሮኒየም አለ» የሚባልበት ሆስፒታል ቬኩሮኒየምም የለውም ተብሎ ይቆጠር። ያለ ምክንያት የልብ ምት ሲፈጥን፣ ደም ግፊት ሲጨምር፣ ዓይን እንባ ሲያፈስ፣ ግንባር ሲያልብ በሽተኛው ነቅቶ ሊሆን ይችላል ብሎ መነሣት የተረኛው ግዴታ ነው።

ማሽን ላይ ያለ ሁሉ ይህን መድኃኒት አይፈልግም፤ አብዛኛው አይፈልግም። በ2010 ፈረንሳይ ውስጥ ሳንባቸው ክፉኛ በተጎዳ 340 በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ለ48 ሰዓት ማላላት ሕይወት ያተርፋል የሚል ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከ1,000 በላይ በሽተኞችን የያዘው ትልቁ ጥናት ግን በሞት ላይ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ እንደ ልማድ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፤ ለአንድ ለተለየ ምክንያት፣ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ ነው። በተከታታይ የሚሰጠው በሽተኛ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ መድኃኒቱ ቆሞለት እጁን ያንቀሳቅስ እንደሆነ ይታይ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የነርቭ መቀስቀሻ መሣሪያ ካለ ደግሞ እጅ አንጓ ላይ አራት ጊዜ ሲነዝር አውራ ጣት ስንት ጊዜ እንደምትዘል ይቆጠራል። አንድ ወይም ሁለት ከዘለለች መጠኑ ልክ ነው፤ ምንም ካልዘለለች በዝቷል። ከዚህ ሌላ ያለው የእጅ ሥራ ነው፦ ዓይን ስለማይከደን ይቀባል፣ በፕላስተር ይዘጋል፤ በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል፤ እግሩ ይታሻል። የዓይን ብርሃኑን ይዞ የገባ ሰው ከሳንባው ድኖ ዓይኑ ጠፍቶ መውጣት የለበትም።

በዚህ አካባቢ የምንሠራ ሰዎች በተለይ ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። ጫትና አትክልት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል፤ ያንኑ ጠጥተው ወይም ተነክረውበት የሚመጡም አሉ። የኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባይ ሱክሳሜቶኒየምን ከደም ውስጥ የሚያጠፋውን ኢንዛይም ያዳክማል። በሌላ ሰው ላይ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚያልፈው መላላት በዚህ በሽተኛ ላይ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ባለሙያው ይህን ካላወቀ በሽተኛው ለምን አልተነሳም ብሎ ይደናገጣል፣ ወይም ያለ ጊዜው ቱቦውን ይነቅላል። ለኤክላምፕሲያ የምንሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌትም ጡንቻ ማላያን ያበረታል፤ ጄንታማይሲንም በመጠኑ። ማግኒዥየም ስትወስድ ቆይታ ለቀዶ ጥገና የምትገባ እናት መጠኗ ይቀነስ፣ ስትወጣም ትንፋሿ በዓይን ይታይ። ቃጠሎ ከደረሰበት፣ የአከርካሪው ነርቭ ከተጎዳ ወይም ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ከተኛ ሰው ላይ፣ ጉዳቱ አንድ ሁለት ቀን ካለፈው በኋላ፣ ሱክሳሜቶኒየም ፖታሲየምን ከጡንቻ ወደ ደም አፍስሶ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ፓንኩሮኒየምና ቬኩሮኒየም ይከማቻሉ፤ ለእርሱ በደም ውስጥ በራሱ የሚበታተነው አትራኩሪየም ይሻላል። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ሣጥኑ ክዳን ላይ መለጠፍ ይቻላል።

የቀረው መንገዱ ነው። ከጭሮ ሐረር የሚሄድ አምቡላንስ ውስጥ ጡንቻው የላላ በሽተኛ ካለ፣ በመኪናው ውስጥ እስትንፋሱን የያዘ ሰው መኖር አለበት፤ ሹፌሩና አስታማሚው አይበቁም። በእጅ የሚጨመቀውን ማስተንፈሻ (አምቡ ባግ) የሚይዝ፣ ቱቦው ሲወጣ መልሶ ማስገባት የሚችል ባለሙያ፣ ለመንገዱ ከሚገመተው ሁለት እጥፍ ኦክስጅን፣ የሚሠራ መምጠጫ። እነዚህ ካልተሟሉ ጡንቻ ማላያ ተሰጥቶት አይነሳ። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የተሰጠበት ሰዓት ይጻፍ፤ ወረቀት ስለሚጠፋ በበሽተኛው ክንድ ላይ በተለጠፈ ፕላስተርም ይደገም። ተቀባዩ ሐኪም ሰዓቱን ካላወቀ የማይንቀሳቀስ፣ ራሱን ችሎ የማይተነፍስ፣ ሲጠሩት የማይሰማ የሚመስል ሰው ነው የሚያገኘው፤ አንጎሉ የሞተ ሊመስለው ይችላል። ቬኩሮኒየምና አትራኩሪየም የዓይን ብሌን ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽ አያጠፉም፤ ባትሪ አብርቶ ብሌኑን ማየት፣ ልብንም ማድመጥ፣ የመድኃኒቱም ጊዜ እስኪያልፍ መጠበቅ ይቻላል። ይህ ሳይደረግ ማንም ሰው ላይ ተስፋ አይቆረጥ።

ለአስታማሚዎችም ጥቂት ቃል ልጨምር፤ ግልጽ ደብዳቤ ነውና ወገኖቼም ያነቡታል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ወንድማችሁ ወይም እናታችሁ ዝም ብለው ከተኙ፣ «የማይንቀሳቀሰው በመድኃኒት ነው? ማስተኛም እየተሰጠው ነው?» ብላችሁ ነርሷን የመጠየቅ መብት አላችሁ። ጥያቄው ድፍረት አይደለም። አልጋው አጠገብ ደግሞ ስለ ቀብርም ስለ ወጪም አትነጋገሩ። ስማቸውን ጠርታችሁ ቀኑን ንገሯቸው፣ ማን ሊጠይቃቸው እንደመጣ ንገሯቸው፤ ይሰሙ ይሆናል።

ከእናንተ የምጠብቀው የሚፈረምበት አንድ ገጽ መመሪያ ነው፦ የክትባት ፍሪጁን የሚለይ፣ ቀዩን ሣጥንና የተረኛውን ስም የሚያስገድድ፣ ያለ ማስተኛና ያለ አስተንፋሽ መስጠትን የሚከለክል፣ የሪፈሩን ፕላስተር የሚያዝዝ። ከቀጣዩ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ በፊት በየጤና ጣቢያው ፍሪጅ በር ላይ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል። ረቂቁን ለማዘጋጀት በነጻ እሠራለሁ፤ በየሆስፒታሉ እየዞርኩ ፍሪጆቹን ለመፈተሽም ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ።


አንድ የሰመመን ሕክምና ባለሙያ
ቦርደዴ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት
ለቦርደዴና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች